ከበሩ ውጪ የቀረው ቡላ

ሶዶ፣ ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወዳጄ ለፋንታዬ፣

ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ገና በመጀመሪያው መስመር ውሸት አያምርም ብዬ ተውኩት። አንቺስ እንዴት ነሽ? ልጅሽ ማክዳስ? ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ አርፋለች አይደል? መንደራችሁን ሃላሌን ዝናቡ እንዴት አደረጋት?

በሹፌሩ በፀጋአብ እጅ የላክሽው ብጣሽ ወረቀት ደረሰኝ። ስልክ ያላነሳሁት ተቀይሜሽ አይደለም። ጆሮዬን ታውቂዋለሽ፤ ሰው በስልክ ሲያጽናናኝ ውሃ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ይመስለኛል። በወረቀት ይሻለናል። ፀጋአብ ደጄ ላይ ድንኳን አየሁ ያለሽ እውነቱን ነው። ድንኳን ተተክሎ ነበር፤ ግማሹ። የእህቴ ልጅ አይደለም፣ ማንም ዘመድ አይደለም፤ አትደንግጪ።

የሞተው ቡላ ነው። አዎ፣ ውሻዬ።

እሑድ ጎህ ሳይቀድ እንደ ልማዳችን አብረን ወጣን። ጉሙ ከዳሞታ ተራራ ወርዶ መንገዱን ውጦት ስለነበር ከቡላ የሚታየኝ ጭራው ብቻ ነው። ከቤተክርስቲያኑ በር ስንደርስ ቆመ። ውሻ ቅጥር እንደማይገባ ማን እንደነገረው አላውቅም፤ እኔ አንድ ቀን እንኳ ተመለስ ብዬው አላውቅም። ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ካለው የጽድ ዛፍ ሥር ጋደም ይላል፣ ቅዳሴው አልቆ ስወጣ ይነሳል። ያን ቀን አልተነሳም። እርጅና ነው ይላሉ፤ ቁስል የለው፣ አረፋ የለው። አፍንጫውን ወደ በሩ አዙሮ ነበር።

በጋሪ አምጥቼ ከጓሮ እንሰቱ ሥር ቀበርኩት። ከዚያ ቤት ገብቼ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ተቀመጥኩ። አስቤበት አይደለም፣ እጄ ነው ያዘቀዘቀው። አንዷ ጎረቤት በአጥሩ ቀዳዳ አየችኝና ጮኸች። የእኛን ሰፈር ታውቂያለሽ፤ ማን ሞተ ብሎ ከመጠየቅ ማልቀሱ ይቀድማል። ሴቶቹ ከበር ጀምረው ደረታቸውን እየመቱ ገቡ፣ ወንዶቹ የዕድሩን ድንኳን ተሸክመው መጡ። እኔ ደግሞ ለቡላ የመጡ መስሎኝ ልቤ ሞላ! እውነቴን ነው፣ ምን ያለ ደግ ሰፈር ነው አልኩ።

የዕድራችን ዳኛ አቶ ኤርካሎ አጠገቤ ተቀምጦ መዝገቡን ከፈተ። «ያረፈው ማነው?» አለኝ። «ቡላ» አልኩት። «የአባቱ ስም?» አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ገምቺው። ድንኳኑ ሳያልቅ ፈረሰ። አንዷ «እንባዬን መልሺልኝ!» ብላ እየሳቀች ወጣች። ሌሎቹ ግን አልሳቁም፤ ለሰው የሚለቀሰውን ለውሻ አስለቀሰችን ብለው ተቀየሙኝ። አቶ ኤርካሎ ሲወጣ ዞር ብሎ፣ «ወይዘሮ ሳህሊቱ፣ ውሾች በውጭ እንደሚቀሩ ተጽፏል። ነጠላዎን ይመልሱ» አለኝ።

አልመለስኩም። አንድ ሰው እንኳ እግዜር ያጥናሽ አላለኝም። ቤተክርስቲያንም መሄድ ትቻለሁ፤ በዚያ በር ማለፍ አቃተኝ። አንቺ ሰው ማጽናናት ታውቂበታለሽ ይላሉ፤ በቸርችሽ ሰው ሲያዝን የሚጠሩት አንቺን ነው። እስቲ ንገሪኝ፣ ቡላ አሁን የት ነው? ደግሞ ለምን አትመጪም?

ሳህሊቱ

---

ሃላሌ፣ ሐምሌ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሳሮ፣ ደህና ነሽ ወይ ሳህሊቱ? የጌታ ሰላም ይብዛልሽ።

እግዜር ያጥናሽ። ከሁሉ አስቀድሜ እሱን ልጻፈው። ማንም አላለኝም ብለሽ የለ? ይኸው እኔ አልኩሽ።

ደብዳቤሽን ማክዳ ናት ያነበበችልኝ፤ መነጽሬን አጥፍቼው ነበር። የአባቱ ስም ጋ ስትደርስ ሳቋ አመለጣት። ተቆጣኋት። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞሬ እኔም ሳቅሁ። ይቅር በይኝ፤ ስቄ ስጨርስ ደግሞ አለቀስኩ።

ስለ ቡላ አትጨነቂ። አሁን ጭቃ በሌለበት፣ ዝናብ በማያበሰብሰው አረንጓዴ መስክ ላይ እየሮጠ ነው። እርጅናው ለቆታል፣ ዓይኑ በርቷል። አንድ ቀን አንቺም ስትሄጂ ጭራውን እየቆላ ይቀበልሻል። ጌታ መልካም ነው፤ የወደድነውን አያስቀርብንም።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፣ አትቆጪ። ብዙ ዓመት ከሐዘንተኞች ጋር ተቀምጫለሁ። የምታለቅሺው ለቡላ ብቻ አይመስለኝም። ነፍሱን ይማረውና መክብብ ሲሞት ጠንካራ ሚስት ነበርሽ፤ እንግዳውን ስታስተናግጂ፣ ሱቁን ስትከፍቺ፣ ቁጭ ብለሽ አላየሁሽም። የባልሽ እንባ ነው አሁን በቡላ በኩል የወጣው። ለመክብብ ነውና ነጠላሽን ያዘቀዘቅሽው፣ በዚህ ተጽናኚ።

እንድመጣ ጠይቀሽኛል። አሁን አይመቸኝም፤ መንገዱም ጭቃ ነው። ምክንያቱን ተይው። ዝናቡ ቀለል ይበል።

ከጸሎት ጋር፣
ፋንታዬ

---

ሶዶ፣ ሐምሌ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፋንታዬ፣

ደብዳቤሽን አንብቤ ትራሴ ሥር አደረግሁት። እንደገና አወጣሁትና ተናደድኩበት። ይኸው አሁንም እንደተናደድኩ ነው፤ ግን ከማን ጋር ልጣላ? አንድ ወዳጅ ነው ያለኝ።

አንቺ ሴትዮ፣ መክብብን ተዪልኝ! መክብብን በወጉ አልቅሼ ቀብሬዋለሁ። ድንኳኑ ሙሉውን ተተክሎ ነበር፣ ሶዶ ግማሿ መጥታለች፣ ካህናቱ ፈትተውታል፣ ተዝካሩ ወጥቷል። ለመክብብ የቀረ እንባ የለብኝም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ለእሱም በቅቶታል፣ ለቡላም ይበቃዋል። ይህ እንባ የቡላ ነው። በሕይወቱ ከእኔ ፍርፋሪ እንጂ ሌላ ያላገኘ ውሻ፣ ሲሞት እንኳ እንባውን ነጥቀሽ ለባሌ ትሰጪበታለሽ?

መስኩንም ተዪው። ማን አየው? ሕፃን አይደለሁም። እናንተ ጴንጤዎች ስትባሉ ሰማይን እንደ ጓሯችሁ ነው የምታወሩት። ደግሞ እኛ ዘንድ መልአክ የሸኘው መንገደኛ ልጅ ውሻው አብሮት ሲሄድ ተጽፏል፤ እናንተ ያንን መጽሐፍ ከመጽሐፍ ቅዱሳችሁ ቆርጣችሁ ጥላችሁታል፣ ታዲያ አንቺ ስለ ውሻ ከየት ታውቂያለሽ?

ተይው፣ ቀልድ ነው። ግማሹ ቀልድ ነው።

እንቅልፍ ይወስድሻል ወይ ብለሽ በፀጋአብ አስጠይቀሽኛል። ይወስደኛል፤ እንዲያውም ከነቃሁት ይልቅ የተኛሁት ይሻላል። በሕልሜ ጆሮዬ ደህና ነው። ጉም ውስጥ ነን፣ መንገዱ አይታይም፣ ቡላም አይታይም፤ ጥፍሩ ድንጋዩን ሲነካ ግን ቀጭ ቀጭ ሲል እሰማዋለሁ። ከዳሞታ በኩል የሚወርደው ነፋስ ይሰማኛል፣ የእሱ ትንፋሽ ይሰማኛል። እንሄዳለን፣ እንሄዳለን፣ በሩ ግን አይደርስም። ደስ ይለኛል፤ አይድረስ እላለሁ። ከዚያ የሆነ ቦታ ጥፍሩ መሰማቱን ያቆማል፣ እኔ ግን መሄዴን አላቆምም። ዞር በይ እላለሁ ለራሴ፤ አንገቴ አይዞርም። ስነቃ ሁሉም ነገር ጸጥ ያለ ነው፣ ደንቆሮ ነኛ።

የምጠይቅሽ ይህን ነው፣ ሌላውን ሁሉ እርሺው። እኔ ውስጥ ቆሜ አቤቱ ማረን እያልኩ፣ እሱ ውጪ ብቻውን ሞተ። በሩን እያየ። ሲጨንቀው ፈልጎኝ ይሆናል፤ እኔ የለሁም። ትቼው የሄድኩ መስሎት ይሆን? ይህን ሳስብ መቅደሱ ያስጠላኛል። ማርያምን! እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ አልሰርዘውም። እግዚአብሔር ቤቱ ውስጥ አስቀምጦኝ፣ ከጀርባዬ ውሻዬን ወሰደ። ለምን አልጠራኝም? ጆሮዬ ቢደነቁር ልቤን መንካት ያቅተዋል?

ፍልሰታ ደረሰች። ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ ዓመት አጉድዬባት አላውቅም። ዘንድሮ እንጃ።

መልሱን ካላወቅሽ አላውቅም በይኝ። ከአንቺ ስብከት አልፈልግም።

ሳህሊቱ

---

ሃላሌ፣ ሐምሌ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሳህሊቱ እህቴ፣

አላውቅም።

ይህን ጽፌ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። ከመስኮቴ ሥር ያለው ገደል በጉም ሞልቷል። ጠዋት ከኦሞ ወንዝ በኩል ይነሳና ቀስ ብሎ ይመጣል፤ መጀመሪያ የእንሰቱን ቅጠል፣ ከዚያ አጥሩን፣ ከዚያ ጎረቤቴን ይወስዳል። ከማዶ የዳውሮ ተራራ እንዳለ አውቃለሁ፣ ዛሬ ግን የለም። ምናልባት የአንቺ ሕልም ወደ እኔ መጥቶ ይሆናል እያልኩ ሳየው ቡናዬ ቀዘቀዘ።

መስኩን ከራሴ ነው ያመጣሁት። አጽናኝ ስትባዪ አፍሽ ባዶ እንዲሆን አትፈልጊም፤ ያገኘሽውን ትናገሪያለሽ። መክብብንም ያለቦታው አነሳሁት። ለቡላ ያለቀስሽው የቡላ ነው። ከእንግዲህ አልነካውም።

የማውቀውን ትንሽ ነገር ልንገርሽ፣ ስብከት ከመሰለሽ እለፊው። እንስሳት ከእኛ በፊት ነው የተፈጠሩት፣ ከእኛም በፊት መልካም ናቸው ተባለላቸው። ውሃው ምድርን ሲያጠፋት በመርከቡ ከሰው ይልቅ እነሱ ይበዙ ነበር። ነቢዩ ያቺ ትልቅ ከተማ ስላልጠፋች ሲያኮርፍ፣ ጌታ ስለ ሰዎቿ ብቻ ሳይሆን ስለ ከብቶቿም እንደሚራራ ነገረው። በሀብታሙ ደጅ ቁስለኛውን ድሃ፣ ሰው ሁሉ ሲያልፈው የተጠጉት ውሾች ናቸው። አንዲት ድንቢጥ እንኳ አባታችን ሳያያት አትወድቅም ተብለናል። እንግዲህ ቡላ ሲወድቅ ያየው አለ። ያየው አንቺ አይደለሽም፤ ግን ሳይታይ አልወደቀም።

አቶ ኤርካሎ ስለ ውጭ የተናገረው ቃል ተጽፏል፤ አልክድም። የተጻፈው ግን ጽድ ሥር ተኝቶ ስለሚጠብቅ ሽማግሌ ውሻ አይመስለኝም፤ በክፋታቸው ስለሚታወቁ ሰዎች ነው።

ይህ ሁሉ ያንቺ ጥያቄ መልስ እንዳልሆነ ይገባኛል። ስለ ቡላ «ትቼው የሄድኩ መስሎት ይሆን?» ብለሻል። አላውቅም ሳህሊቱ። እሱን ለማወቅ እሱ የነበረበት መሆን ያስፈልጋል።

መቅደሱ አስጠላኝ ያልሽውን ሰርዣለሁ ብለሽ አትጻፊልኝ፣ ጌታም ካንቺ የባሰ ሰምቷል። ፍልሰታን ከቻልሽ ሂጂ፤ ካልቻልሽ ቤትሽ ሆነሽ ጹሚ። ጌታ በበር ብቻ አይገባም።

ለምን አትመጪም ላልሽው አሁንም አልመልስም። ታገሺኝ።

ያንቺው ፋንታዬ

---

ሶዶ፣ መስከረም 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለዋሾዋ ለፋንታዬ፣

እንኳን አደረሰሽ። አሁን ወደ ጠቡ።

እግርሽ ተሰብሯል! በዝማሬ ልምምድ ላይ ከደረጃ ወድቀሽ፣ ወጌሻ አስሮሽ፣ ሁለቱን ወር ሙሉ አልጋ ላይ ነበርሽ፤ «አይመቸኝም፣ መንገዱ ጭቃ ነው»! ይህን ከፀጋአብ መስማት አለብኝ? እሱም ሳያስበው ነው ያወጣው፤ «ፋንታዬ በምርኩዝ መሄድ ጀመረች» ብሎ እንደ ብሥራት ነገረኝ። መነጽሬን አጥፍቼ ነበር ያልሽውም ውሸት ነው። ስትወድቂ ነው የሰበርሽው።

ለምን ደበቅሺኝ ብዬ በፀጋአብ ሳስጠይቅሽ የላክሽልኝን ብጣሽ ወረቀት አነበብኩ። «ከነገርኩሽ ለቡላ ማዘንሽን ታቆሚና ለእኔ ታዝኛለሽ ብዬ ነው» አልሽ። አንቺ ጉደኛ! ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ያን ሁሉ ቀን ለእኔና ለውሻዬ ብለሽ ሕመምሽን ዋጥ አድርገሽ ተኝተሽ። ሰው እንዲህ ያደርጋል?

ሰፈሩ እንዴት ነው ብለሻል። ልንገርሽ። ከትናንት ወዲያ አቶ ኤርካሎ መጣ። ጊፋታ ደርሷል፤ ወላይታ ቂም ይዞ ወደ አዲሱ ዓመት አይሻገርም፤ የተጣላ ሁሉ ይታረቃል፣ አንቺ ታውቂው የለ። ለወግ የመጣ መስሎኝ ወንበር አቀረብኩለት። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ነጠላዬን አየና ወሬ ጀመረ።

«ልጅ ሆኜ ሁምቦ ድርቅ መጣ» አለኝ። «ቦሬ የምትባል ላም ነበረችን። ከእኛ ጋር አንድ ቤት ነው የሚያድረው። እኔ ሌሊት ሲበርደኝ ሆዱ ላይ እጠጋለሁ። ሞተ። አባቴ አታልቅስ አለኝ፤ ሰው እየተራበ ለከብት አይለቀስም አለኝ። እውነቱን ነው። አላለቀስኩም። እስከዛሬ አላለቀስኩም።»

አማርኛው ላሟን አንዴ ሴት አንዴ ወንድ ያደርጋታል። ሌላ ቀን ቢሆን እስቅበት ነበር። ያ የሰማንያ ሰው ቀብር ያስፈጸመ፣ ድምፁ ከጥሩምባ የማያንስ ሰውዬ፣ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ አደረገና ትከሻው ተንቀጠቀጠ። እኔ ምን ልበል? «እግዜር ያጥናዎት» አልኩት። ስለ ላሟ። ከሞተች ሃምሳ ዓመት ያልፋታል፣ የመጀመሪያዋ አጽናኝ እኔ ሆንኩ። እሱም «እርስዎንም ያጥናዎት፤ ጥሩ ውሻ ነበር» አለኝ። እንደዚያ ተቀምጠን ዋልን፣ ለቅሶ ላይ እንዳሉ ሰዎች። «የተናገርኩት ቃል ክፉ ነበር፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ። ይቅር አልኩት።

ሲወጣ ነጠላዬን መለስኩ። ማንም መልሺ ሳይለኝ።

በሩን ማለፍ ግን አሁንም አቅቶኛል። ፍልሰታም እንደፈራሁት አለፈችኝ። አንድ ቀን ጽዱ እስከሚታይበት ሄጄ ተመለስኩ። ሰው ይቅር ይባላል፤ እግዚአብሔርን ይቅር ማለት ነውር ነው፣ ሳይሉትም አልሆነልኝ። ጥያቄዬ እዚያው ናት።

ለጊፋታ በምርኩዝም ቢሆን እመጣለሁ ማለትሽን ፀጋአብ ነግሮኛል። የፊተኛውን ወንበር እንዲይዝልሽ አዝዤዋለሁ። ለሥጋው ዳጣውን አዘጋጅቻለሁ። ነይ ብሎ የሚቆጣሽ ከሌለ እኔ እቆጣሻለሁ፤ ነይ።

ሳህሊቱ

---

ሃላሌ፣ መስከረም 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሳህሊቱዬ፣

ከአንቺ ዘንድ ደህና ገባሁ። እግሬ ትንሽ አብጧል፣ ማክዳ በሞቀ ውሃ እያሸችኝ ነው። ይኸው አልደበቅኩሽም።

መናኸሪያው ውስጥ ሰው ሁሉ እየተጋፋን፣ ፀጋአብ ጥሩምባውን እያስጮኸ፣ ጆሮዬ ላይ ተጠግተሽ «ያን ሁሉ ሰዓት ውጪ ምን ስታደርጊ ነበር?» አልሽኝ። «ምንም» አልኩሽ። ጮክ ብዬ ልነግርሽ የምችለው ነገር አልነበረም። አሁን በወረቀት ልመልስልሽ።

ያን ሌሊት ቤትሽ ስንተኛ አስቤው አልነበረም። ጠዋት ጉሙን ሳይ ነው «ተነሽ፣ እስከ በሩ ልሸኝሽ» ያልኩሽ። ከጽዱ ስንደርስ ክንዴን ይዘሽ ቆምሽ። «ግቢ» አልኩሽ። «እኔ እዚህ ነኝ።» እኔ እንደሆንኩ ያንቺን ቅዳሴ አላውቅበትም፣ ውስጥ ብገባም የት እንደምቆም አላውቅም። በዚያ ላይ እግሬ። ምርኩዜን ግንዱ ላይ አስደግፌ፣ ያ እሱ ይተኛበት ከነበረው ቦታ ተቀመጥኩ። አንቺ ሦስት ጊዜ ዞር ብለሽ አየሽኝ። ከዚያ ጉሙ ወሰደሽ።

እውነቱን ልንገርሽ፤ የሚከፋኝ መስሎኝ ነበር። ከውጪ የቀረ ሰው እንዴት እንደሚከፋው ለማወቅ ነበር የተቀመጥኩት፣ ለአንቺ የምነግርሽ ነገር ባገኝ ብዬ። ብርዱ መጣ፣ ካፊያው መጣ። ሰዎች እያለፉ «እናቴ፣ ለምን አይገቡም?» ይሉኛል። «ሰው እየጠበቅሁ ነው» እላቸዋለሁ። ስመልስላቸው ደስ ይለኝ ነበር፤ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ የሚጠብቁት ሰው ያለው ሰው መሆኔ ይሆናል። ከውስጥ ዜማው በግንቡ ላይ አልፎ ይወርዳል፣ ቃሉ አይለይም፤ ከጉሙ ጋር ተደባልቆ ዛፉ ራሱ የሚያዜም ይመስላል።

ከዚያ ድምፅሽን ሰማሁ። ሳህሊቱ፣ አትቀየሚኝ፣ ጆሮሽ ከደከመ ወዲህ ከሰው ሁሉ ቀድመሽ ነው የምትጀምሪው፣ ከሰው ሁሉ ዘግይተሽ ነው የምትጨርሺው። መቶ ሰው መሃል አውቅሻለሁ። አሁን ተቀመጠች፣ አሁን ቆመች፣ አሁን አለቀሰች እያልኩ እከተልሽ ነበር። እኔ ይህን ያህል ከሰማሁሽ፣ የዚያ ውሻ ጆሮ ምን ያህል ይሰማሽ እንደነበር አስቢው።

አንድ ጊዜ እንኳ ትታኝ ሄደች አላልኩም። ሐሳቡ አልመጣብኝም። ውስጥ ነሽ፣ ትወጫለሽ፣ አለቀ። ብርዱ እንደ ብርድ አልተሰማኝም፤ መጠበቁም እንደ መጠበቅ አልሆነብኝም። ጌታን ያን ያህል ቀርቤው የማውቅ አይመስለኝም፤ በራሳችን ቸርች የፊት ወንበር ላይ ተቀምጬም ቢሆን። ምንም አልጠየቅሁትም። እሱም ምንም አላለኝም። አብረን አንቺን ስንጠብቅ ነበር።

ከዚያ እንቅልፍ ወሰደኝ። አይኔን ስገልጥ አንቺ ከላዬ ቆመሽ፣ ፊትሽ አመድ መስሎ፣ «ፋንታዬ! ፋንታዬ!» ትያለሽ። ያስደነገጠሽ ምን እንደሆነ ገባኝ፣ ስለዚህ ነው ቶሎ ብዬ የሳቅሁት። ከእንቅልፌ ባልነቃ ኖሮ ግን፣ እህቴ፣ ይዤው የምሄደው ያንን ነበር፤ ድምፅሽን በጆሮዬ፣ መምጣትሽን በልቤ።

ስለ ቡላ «ትቼው የሄድኩ መስሎት ይሆን?» ብለሽ ጠይቀሽኝ አላውቅም ብዬሽ ነበር።

አልመሰለውም።

ፋንታዬ